ክንዱ ያለበሰው፣ በሬው የገፈፈው

ባለቤቴ ክንዱ በአገራችን ሰው ዘንድ በሁለት ነገር ይታወቃል፤ በቁጣውና በሣሩ። ቁጣው ከአባቱ የወረሰው ነው። ሣሩ ግን የራሱ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ሣር ላይ ተደፍቶ ምድርን እንደ በሽተኛ ሲለካ ኖሯል። እኔ የኔነሽ እባላለሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር አብሬው ስኖር ከእንግዲህ ከዚህ ሰው የሚያስደነግጠኝ ነገር የሚመጣ አይመስለኝም ነበር። ባለፈው ታኅሣሥ ግን ክው ብዬ ቀረሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

የምንኖረው ከአርብ ገበያ በላይ፣ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ደጋ ላይ ነው። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ በሽቦ የታጠረች፣ ከከብት በረት የማትሰፋ ግቢ አለች። ውስጧ ነጭ የተቀባ ባለ አራት እግር ሳጥን፣ የዝናብ መለኪያ፣ በምሰሶ ላይ የተቀመጠች የብርጭቆ ኳስና ሣሩ ላይ የተጋደመ ቴርሞሜትር አሉ። በወረቀት የአየር ጠባይ መለኪያ ጣቢያ ትባላለች። እኛ ሴቶቹ ግን «የክንዱ ውሽማ» እንላታለን። ጎሕ ሲቀድ ከእኔ ጎን ተነሥቶ ወደ እሷ ይሮጣላ!

የብርጭቆ ኳሷን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሟርት መስሎኝ አማትቤያለሁ። ፀሐይ ስታርፍባት ብርሃኑን ሰብስባ ከኋላዋ የተሰካውን ካርቶን ታቃጥለዋለች። ፀሐይዋ ስትሄድ ቃጠሎውም እየተከተላት ይሄዳል፤ ማታ ክንዱ ካርቶኑን ሲያወጣው ቀኑ በጥቁር መስመር ተጽፎ ይገኛል። ደመና ያለፈበት ሰዓት ባዶ ነው። የታኅሣሥ ካርቶን ከዳር እስከ ዳር የተቃጠለ ነው፤ የሐምሌው ግን አንዳንዴ እንደገባ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ካርቶኖቹ ወሩ አልቆ ወደ ከተማ እስኪላኩ ድረስ በሣጥናችን ውስጥ ከእኔ የክት ልብስ በላይ ይቀመጣሉ። የሰው ባል ገበያ ውሎ ጨውና ስኳር ይዞ ይገባል፤ የእኔው የተቃጠለ ካርቶን ይዞ ይገባል።

ሣሩ ላይ የተጋደመው ቴርሞሜትር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ሥራውን በጀመረ በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ የኅዳር ማለዳ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሦስት ዲግሪ ሲል ሣሩ ላይ ያለው ከዜሮ በታች ሁለት አለ። በመካከላቸው ያለው ከፍታ ከእኔ ቁመት አይበልጥም። «አንዱ ተበላሽቷል» አልኩት። ክንዱ ቱግ አለ።

«ምኑ ይበላሻል! ሳጥኑ የሚነግርሽ ፊትሽ የሚነካውን ብርድ ነው። ሣሩ የሚነግርሽ ምድር የሚያገኛትን ነው። ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ደመና ካለ ከመንገድ መልሶ ያለብሳታል። ሰማዩ ጥርት ካለ ግን የሚመልስላት የለም፤ ሙቀቷ ሽቅብ ይሄድና እርቃኗን ታድራለች።»

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ነው የአገሬ ነገር የገባኝ። ሐምሌ ላይ ፀሐይ ከአናታችን በላይ እያለች እንኳ በደመና ተሸፍና ቀኑ አይሞቅም፤ ሌሊቱም አይከፋም። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ሳለ ቀን አናት ትበሳለች፤ ማለዳ ግን ጥርስ ያንገጫግጫል። ብርዱ የሚብሰውም እኛ እንደምናስበው እኩለ ሌሊት ላይ አይደለም። ምድር እስኪነጋ ድረስ ስትሰጥ ታድራለች፤ ፀሐይ ብቅ ልትል ስትል ነው ባዶዋን የምትቀረው። ይህን ሁሉ የማውቀው ከትምህርት ቤት አይደለም፣ ከክንዱ ጩኸት ነው።

ሰው መጀመሪያ ሳቀበት። በኋላ ላይ ክንዱ «ዛሬ ሌሊት ውርጭ አለ» ካለ ውርጩ እየመጣ ሲያስቸግር፣ ሳቁ ቀረና ጥያቄ ሆነ። ባቄላ ያለው፣ ምስር ያለው፣ ሽንኩርት የተከለ ሁሉ «ክንዱ ምን አለ?» ይል ጀመር። ክንዱም ደስ አለው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተጻፈ መዝገብ አለው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ከመዝገቡ ጋር የተከራከረ ሰው ጉድ ፈላበት ማለት ነው። ደረቱ ሲነፋ እያየሁ እስቅ ነበር። መሳቄ አሁን ይቆጨኛል፤ ያን ጊዜ ብቆጣው ይሻል ነበር።

ዕፀገነት የምትባል ጎረቤት አለችን። ባሏ ዳንኤል ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። በእኛ አገር ሴት ሞፈር አትጨብጥም፤ ስለዚህ ባሏ እንደሞተ መሬቷን የባሏ ታላቅ ወንድም ይታየው በእኩል ያርሰው ጀመር። እኩል ይባል እንጂ ለእሷ የሚደርሳት እኩሌታ ሁልጊዜ እንክርዳድ የበዛበት ነው። የመሬቱ ደብተር በስሟ ነው፣ መሬቱ በእሱ እጅ ነው። አራት ዓመት ዝም አለች። ባለፈው ጥቅምት ግን ከሽማግሌዎቹ ፊት ቀረበችና ከወንዙ ዳር ያለችውን ቁራሽ ማሳ በራሷ እጅ ልትሠራ ጠየቀች። ድንች ነው የምተክለው አለች፤ ድንች በዶማ ይቆፈራል፣ ሞፈር አይፈልግም፣ ወንዙም ለመስኖ ቅርብ ነው።

ይታየው አልወደደውም። ተከራክረው ተከራክረው ስምምነቱ እንዲህ ሆነ። እሷ ይህን አንድ በጋ ትሞክራለች። ካልሆነላት ከእንግዲህ መሬት ብላ አትጠይቅም፤ ይታየው ማሳውን ሁሉ እስከፈለገው ዘመን ይረሰው። የሽማግሌዎቹ አለቃ ቄስ ታፈረ መስቀላቸውን አወጡና ሁለቱም ተሳለሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዕፀገነት ዕድሜ ሙሉ በዚያች ቁራሽ ማሳ ላይ ተንጠለጠለ።

ብቻዋን ቆፈረች። አሥራ ስምንት መስመር አወጣች፣ ውኃ በተራዋ አጠጣች፣ ታኅሣሥ ሲገባ ድንቹ ስንዝር አልፎ ነበር። ዳገቱ ላይ ቆሜ ሳየው ዓይኔን ደስ ይለዋል። ከዚያ ሰማዩ ጥርት አለ፤ ሦስት ቀን አንድም ደመና ሳይታይ ቀረ። ዕፀገነት እቤታችን መጣች።

«ጋሼ ክንዱ፣ ሰማዩ አላማረኝም። ድንቼን ምን ባደርገው ይሻለኛል?»

ክንዱ የብርጭቆ ኳሱን ካርቶን እያገላበጠ ነበር፤ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። «አልብሻት» አላት።

«ማንን?»

«ምድሪቱን ነዋ! ቀን የቋጠረችው ሙቀት ሌሊት ያመልጣታል፤ አታስመልጫት። የገብስ ጭድ በመስመሮቹ መካከል ወፈር አድርገሽ አንጥፊ፣ እስከ ግንዱ ድረስ።»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ያላትን ጭድ ለድንች ካነጠፈች ላሟ ምን ልትበላ ነው?»

«አንቺ ደግሞ ስለ ላም ማን ጠየቀሽ!»

ዕፀገነት «እርግጠኛ ነዎት?» አለችው። አዎ አላት። ከደጃፉ ተመለሰችና ደግማ ጠየቀችው። ያን ጊዜ ክንዱ ጮኸ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምድርን የለካሁት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» ልጅቷ ይቅርታ ጠይቃ ሄደች።

በማግሥቱ ከአውድማ ያስገባችውን ጭድ ሁሉ እየተሸከመች ወደ ወንዝ አወረደችው። እኛ አገር ጭድ ማለት የከብት ጉርስ ነው፤ መሬት ላይ የሚበትነው ያበደ ነው። «ዕፀገነት ድንች ልትቀልብ ነው» እየተባለ ተሳቀ። እሷ ግን አሥራ ስምንቱንም መስመር አለበሰቻቸው። ላሟን የዳገቱን ደረቅ ሣር ስታስግጥ አየኋት።

ሰኞ ማታ ደግሞ ሌላ መዓት መጣ። ዳልቻ የሚሉት የይታየው በሬ ከመንጋው ተነጥሎ አጥሩን ጥሶ ገባ። ድንቹን አልነካም፤ የድንች ቅጠል ይመረዋል መሰለኝ። ጭዱን ግን በወንዙ በኩል ካሉት አራት መስመሮች ላይ ጠርጎ በላው። አፈሩን በምላሱ የላሰው ይመስል ነበር። ዕፀገነት ዱላ ይዛ እየጮኸች ስታባርረው መንደሩ ሰማ። ማታውኑ ቄስ ታፈረን ጠርታ ከሰሰች፤ ቄሱም ይታየው የተበላውን ጭድ እስከ እሁድ ይተካ ብለው ፈረዱ።

«እሺ አባቴ» አለ ይታየው፤ አተካከሉ ግን እንደማይቸኩል ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።

ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ውርጩ ወረደ።

ክንዱ ከጣቢያው ሲመለስ ገና ፀሐይ እየወጣች ነበር። ዓይኑ ፈጥጦ ነበር። «የኔነሽ፣ ሳጥኑ አንድ ዲግሪ ነው፣ ሣሩ ግን ከዜሮ በታች አራት! በመዝገቤ እንዲህ ያለ ሌሊት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያለው» አለኝ። ከዚያ ፊቱ ፈካ። «ያቺን ልጅ አዳንኳት እኮ! ነይ እንሂድ፣ አይተን እንምጣ።»

ተከትዬው ወረድኩ። እውነቴን ነው፣ ሊመሰገን ነበር የሚሄደው። መንገዱን ሙሉ ምድር እንዴት ሙቀቷን እንደምትቋጥር ሲነግረኝ ነበር። በየመንገዱ ያለው የሰው ባቄላ ተቀቅሎ የወጣ ይመስል ጠውልጎ እያየን፣ እሱ «አየሽ፣ እነዚህ አልጠየቁኝም» ይል ነበር።

ማሳው ጫፍ ስንደርስ ዕፀገነት ነጠላዋን በአፏ ይዛ ቆማለች። አላለቀሰችም። ጭዱ ላይ አመዳይ ጨው እንደተነሰነሰበት ነጭ ብሎ ይታያል። በጭዱ መካከል ያለው ድንች ሁሉ ጠቁሯል። ቅጠሉን በእጄ ስነካው ውኃ ሆኖ በጣቴ ላይ ፈሰሰ። አንድ መስመር፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እየቆጠርኩ ሄድኩ፤ አሥራ አራት መስመር።

ከዚያ ወንዙ ዳር ደረስኩ። ዳልቻ ጭዱን የበላባቸው አራቱ መስመሮች አረንጓዴ ናቸው። ጫፍ ጫፋቸው ብቻ ነካ ነካ ተደርጓል እንጂ ቆመዋል።

«ክንዱ» አልኩ። «ክንዱ፣ እየው!»

መጣና አየ። ወደ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ። የጠቆረውን አየ፣ አረንጓዴውን አየ። «አይሆንም» አለ። «አይሆንም። ብርድ እንደ ውኃ ወደ ታች ነው የሚፈሰው። ወንዙ ዳር ነበር አብዝቶ መምታት ያለበት።» በትልሙ ላይ ቁጭ አለ።

ሰው ተሰበሰበ። ይታየውም በሬውን እየነዳ መጣ። ማሳውን ካንዱ ጫፍ እስከ ሌላው አየና ገና ከሩቅ መሳቅ ጀመረ። «ጉድ ነው መቼም! ክንዱ ያለበሰው ሞተ፣ በሬዬ የገፈፈው ቆመ። ከእንግዲህ የጣቢያው ቁልፍ ለዳልቻ ይሰጥልን!»

ሰዉ ሁሉ አውካካ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ይታየው ሳቁን ሲጨርስ ወደ ዕፀገነት ዞረ። «ጭድ የሚተካልሽ ቦታ የለሽም አሁን። እሁድ ሽማግሌ ይቀመጣል። ቃል ቃል ነው፣ በመስቀል የታሰረ ነው።» ዕፀገነት ዓይኗን ከክንዱ ላይ አላነሣችም፤ እሱ ግን ሊያያት አልቻለም።

ያን ቀን ክንዱ እህል አልቀመሰም። ማታ ላይ ለመለዋወጫ የተላከለትን ሌላ ቴርሞሜትር ከሣጥን አወጣና ከሣሩ ቴርሞሜትር ጋር በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ። አንዱን ጭድ በለበሰው መስመር ላይ፣ ሌላውን በሬው በገፈፈው መስመር ላይ በእኩል ከፍታ አጋድሞ ተመለሰ። በውስጣቸው ያለችው ቀጭን ዘንግ ሌሊቱ የደረሰበት ዝቅተኛው ብርድ ላይ ስለምትቀር፣ አጠገባቸው ማደር አያስፈልግም። እሱ ግን እንቅልፍ አልወሰደውም።

ዓርብ ማለዳ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

«የኔነሽ፣ ገደልኳት።»

«ምን ሆነህ ነው?»

«ባዶው አፈር ላይ ከዜሮ በላይ ግማሽ ዲግሪ ነው። ጭዱ ላይ ከዜሮ በታች ሦስት ተኩል። በመካከላቸው አምስት እርምጃ ነው ያለው። አምስት እርምጃ!»

እኔ መቼም ቁጥር ብዙ አይገባኝም፤ ይህ ግን ገባኝና ሰውነቴ በረደኝ። የአንድ ማሳ ድንች፣ የአንድ ሌሊት ሰማይ፣ አንዱ በሕይወት አንዱ በሞት። «ጭድ እኮ ያሞቃል» አልኩት። «ልጅ ሆነን ጭድ ውስጥ ገብተን አልነበር የምንሞቀው?»

«ውስጡ ገብተን ነዋ!» አለ። አልጮኸም፤ ይህም አስደነገጠኝ። «ድንቹ ውስጡ አልገባም። ከላይ ነው የቆመው። ምድር እንደ ምድጃ ናት፤ ሌሊት ሙቀቷን ለቅጠሉ የምትሰጠው እሷ ናት። እኔ በምድጃውና በቅጠሉ መካከል ቁርበት አነጠፍኩ። ብርድ ልብሱን ከተኛው ሰው በታች አነጠፍኩት፣ የኔነሽ። ቀንም ቢሆን ያ የሚያብረቀርቅ ጭድ ፀሐይዋን መልሶ ይረጫታል እንጂ ወደ አፈሩ አያስገባትም። ምድሪቱ ቀን እንዳትቀበል ከለከልኳት፣ ሌሊት እንዳትሰጥ ከለከልኳት።»

ከዚያ አንድ የማፍርበት ነገር ተናገርኩ። «ለማንም አትንገር» አልኩት። «ሰዉ ሁሉ የእግዜር ሥራ ነው ብሎ አልፎታል። በበሬው ይሳቁ፣ ሳቅ ያልፋል። አንተ በአፍህ ከተናገርክ ግን ከእንግዲህ ማን ይሰማሃል? አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራኸው ስም ነው።» ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁት። አልተቆጣኝም። ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም ዓይኔን ሰበርኩ። ዝም ካለ ዕፀገነት መሬቷን ለሁልጊዜው እንደምታጣ ሁለታችንም እናውቃለን።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከማሳው ራስ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጡ። አምስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ፀሐይዋ ትፋጃለች። ይታየው ተነሥቶ አጭር ነገር ተናገረ። «በጥቅምት የተባለው ካልሆነላት ነው። ይኸው አልሆነላትም። እኔ ክፉ አላደረግኩም፣ ውርጭ የእግዜር ነው። መሬቱን ልረሰው።» ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለ።

ዕፀገነት ከሽማግሌዎቹ ፊት ልትቆም ሲገባት ማሳው ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ ቁጢጥ ብላ በጣቷ አፈር ትጭራለች። «ልጄ፣ የምትዪው አለ?» ቢሏት «እናንተ ጨርሱ» አለች። ተስፋ ቆርጣ አእምሮዋ የተነካ መስሎኝ ደረቴን መታሁ።

ያን ጊዜ ክንዱ ተነሣ።

«አባቴ» አለ ለቄስ ታፈረ፣ «ከመፍረድዎ በፊት እባክዎ እጅዎን ያውሱኝ።»

ቄሱ ግራ ገባቸው። ክንዱ ደግፎ ወደ ማሳው አስገባቸውና ጭዱን ከፈት አድርጎ «እዚህ ይንኩልኝ» አለ። ቄሱ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን በአፈሩ ላይ አሳረፉ። ከዚያ አምስት እርምጃ ወስዶ በሬው ወደ ገፈፈው መስመር አመጣቸው። «እዚህም ይንኩልኝ።»

ቄስ ታፈረ ነኩና እጃቸውን በድንጋጤ መለሱ። ተመልሰው ሄደው የመጀመሪያውን ነኩ፤ ደግመው ሁለተኛውን ነኩ። «በስመ አብ! ያኛው እንደ ዋሻ ይቀዘቅዛል፣ ይኸኛው እንደ ዳቦ ይሞቃል። አንድ ፀሐይ አይደለም እንዴ የምትመታቸው?» ሌሎቹ ሽማግሌዎችም ተነሥተው እየተደፉ ነኩ። ይታየው ራሱ ነካ። የሁሉም ፊት ተለወጠ፤ ማንም አልሳቀም።

«ጭዱ ነው» አለ ክንዱ። «ሌሊትም ለክቼዋለሁ። ድንቹን ውርጭ ብቻ አልገደለውም፤ ጭዱ አግዞታል። ጭዱን አንጥፊ ያልኳት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ እርግጠኛ ነህ ወይ ብላ ጠይቃኛለች፤ ሁለተኛውን ጮኬ መለስኩላት። አላወቅሁም ነበር፤ አላወቅሁም ማለት ግን አፍሬ ነው እንጂ ይቻለኝ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሣር ላይ ለክቼ፣ አንድ ሌሊት ጭድ ላይ ሳልለካ ነው የመከርኳት።»

ይታየው «ቢሆንም ቃሉ...» ብሎ ጀመረ።

ቄሱ በእጃቸው አስቆሙት። «ውርጩ የእግዜር ነው። ጭዱ የክንዱ ነው። የእሷ እጅ ብቻ የሠራው የታለ? ይኸውና በአራቱ መስመር ላይ ቆሟል፤ ያውም የአንተ በሬ ነው የመሰከረላት። ስለዚህ ካልሆነላት የተባለው አልደረሰም። መሬቷ በእጇ ይቆያል።» ይታየው መሬት መሬት አየ፤ መስቀሉ ሲቀርብለት ግን ተሳለመ። «የቀረው» አሉ ቄሱ ወደ ዕፀገነት ዞረው፣ «በአንቺና በክንዱ መካከል ነው።»

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። ክንዱ ግን ወደ ወንዙ ወረደና አንድ ድንጋይ ሲያነሣ አየሁት። ትንሽ ድንጋይ አይደለም። በማጅራቱ ላይ ተሸክሞት፣ ጎንብሶ፣ እያቃሰተ ወደ ማሳው መጣ። በእኛ አገር ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምነው ደም ያፈሰሰ ወይም ቤት ያፈረሰ ሰው ነው። ለድንች የተሸከመ አልታየም። ወንድ ለሴት የተሸከመም እኔ አላየሁም። የተሰበሰበው ሰው «ኧረ ኧረ!» አለ። ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ተነሡ። እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ፤ ባሌን እንዲያ ሆኖ ሳየው እንባዬ መጣ። ሃያ ስድስት ዓመት ከቁጣው በታች እንዲህ ያለ ሰው ተኝቶ ኖሯል።

ዕፀገነት ፊት ሲደርስ ቆመ። «በደልኩሽ» አለ። «ማሪኝ እስክትይኝ አላወርደውም።»

ዕፀገነት አሁን ቁጢጥ ካለችበት ተነሣች። አፈር የለበሰ እጇን ከፈተችው። በመዳፏ ላይ ከጠቆረው ግንድ ሥር ቆፍራ ያወጣችው አንድ ቡቃያ አለ፤ ከገብስ ፍሬ አይበልጥም፣ ነጭ ነው፣ ሕያው ነው። ለካስ ሽማግሌዎቹ ሲከራከሩ በየመስመሩ እየዞረች ይህንን ስትፈልግ ነበር። ክንዱን አየችው፣ ቀና ብላ ፀሐይዋን አየቻት፣ ከዚያ በአሥራ አራቱ መስመሮች ላይ የተነጠፈውን ጭድ አየችው።

«ጋሼ ክንዱ፣ ድንጋዩን ይጣሉት» አለችው። «ሥሩ አልሞተም። ሊሸከሙልኝ ከመጡ ጭዱን ይሸከሙ፤ ፀሐይዋ እያለፈችን ነው።»